ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ ኩላሊትና የሽንት መንገድ

ሀ. የትምህርቱ ዓላማ

ባለፈው ትምህርት የተራኪ ድርሰትን ጠባይ አይታችኋል። ተራኪ ድርሰት «ምን ተደረገ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ገላጭ ድርሰት ግን «ነገሩ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?» የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልስ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡት። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት፣ ከደም ተለይቶ የሚወጣው ውሃ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚያልፍ በደብተራችሁ በቅደም ተከተል መዝግቡ። በመጨረሻም ግሶቹን አስተውሉ፤ የዛሬው የሰዋስው ትምህርት የሚነሣው ከእነርሱ ነው።

ለ. ምንባብ

ያው ሰው፣ ያው ኩላሊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን ይከናነባል። ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢው ከራሱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ጭኑ ይወርዳል። 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ይጣበቃል። መንገደኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ሐሩር ተሻግሯል።

ይህ ሰው በይፋት ቆላ ጥቂት ቀናት ቢሰነብትና ራሱን ቢመረምር አንድ ነገር ያስተውላል። ደጋ ሳለ ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣ፣ መልኩም የነጣ ነበር። በቆላው፣ በተለይ ማሳ ውስጥ ሲሠራ በዋለበት ቀን፣ ሽንቱ ጥቂት፣ መልኩም የጠቆረ ቢጫ ሆኗል። ሰውየው ያው ነው፤ ኩላሊቶቹም እነዚያው ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኩላሊት ውስጥ ዘልቀን፣ በዓይን ወደማይታየው ክፍል መግባት አለብን።

ኩላሊቶች ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች አካባቢ፣ በጀርባ በኩል፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚገኙ የባቄላ ቅርጽ ያላቸው ብልቶች ናቸው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ኩላሊት ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 150 ግራም ያህል ነው። የቀኙ ኩላሊት በላዩ ላይ ጉበት ስላለ ከግራው ጥቂት ዝቅ ይላል። ሁለቱ በአንድነት ቢመዘኑ ከሰውነት ክብደት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። ይሁን እንጂ ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው ደም ከአምስት አንዱ እጅ ያህሉ ወደ እነርሱ ይጎርፋል። ከአካሉ ትንሽነት ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል ደም መቀበሉ፣ ሥራው ራሱን ለመመገብ ብቻ ሳይሆን ለመላው ሰውነት መሆኑን ያመለክታል።

ለበዓል የታረደ በግ ኩላሊት በቢላዋ ለሁለት ተሰንጥቆ ቢታይ፣ ውጭኛው ክፍልና ውስጠኛው ክፍል በመልክ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ። ውጭኛው ኮርቴክስ፣ ውስጠኛው ሜዱላ ይባላል። በዓይን ብቻ የሚታየው ከዚህ ብዙም አያልፍም። ከዚህ የሚቀጥለው የታወቀው በማይክሮስኮፕ ነው። ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በ1666 እ.ኤ.አ. በኩላሊት ውስጥ ጥቃቅን እንክብሎች መኖራቸውን ገለጸ። እንግሊዛዊው ዊልያም ቦውማን በ1842 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ እንክብል በስስ ከረጢት የተከበበና ከአንድ ቱቦ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ጀርመናዊው ያኮብ ሄንለ ደግሞ በ1862 እ.ኤ.አ. ቱቦው ወደ ሜዱላ ወርዶ፣ እንደ ወስፌ ሳይሆን እንደ ፀጉር ማስያዣ ሽቦ ታጥፎ፣ ተመልሶ እንደሚወጣ ጻፈ። እንክብሉና ቱቦው በአንድነት ኔፍሮን ይባላሉ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮኖች አሉ።

የኔፍሮን ሥራ የሚጀምረው ከእንክብሉ ነው። እንክብሉ በእጅ እንደ ተጠቀለለ ክር የተጎነጎኑ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ስብስብ ሲሆን፣ ግሎሜሩለስ ተብሎ ይጠራል። ደሙ በግፊት ወደዚህ ጉንጉን ሲገባ በሦስት ተከታታይ ንብርብሮች ይጣራል። የመጀመሪያው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የደም ሥሩ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ስስ ሽፋን ነው። ሦስተኛው እግር መሰል ጣቶቻቸውን እርስ በርስ ያጠላለፉ ሕዋሳት የሚሠሩት ጠባብ ክፍተት ነው። ውሃ፣ ጨው፣ ስኳርና ዩሪያ የተባለው የፕሮቲን ቃጠሎ ዝቃጭ በእነዚህ ወንፊቶች ያልፋሉ። ቀያይ የደም ሕዋሳትና ትላልቅ ፕሮቲኖች ግን ያልፉ ዘንድ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ደም ወይም ብዙ ፕሮቲን በሽንት ውስጥ ከተገኘ፣ ወይ ወንፊቱ ተቀዷል፣ ወይም ከወንፊቱ በታች ባለው መንገድ ላይ ጉዳት ደርሷል ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት በቀን ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ተጣርቶ ወደ ቱቦዎቹ ይገባል። ይህ ሁሉ ሽንት ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ሰው አንድ ሰዓት እንኳ በደኅና ሊቆይ አይችልም ነበር። በቀን የሚወጣው ሽንት ግን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ እጅ ወደ ደም ይመለሳል ማለት ነው።

የኩላሊትን ሥራ ብዙ ሰዎች ቆሻሻን ለይቶ መጣል ብቻ አድርገው ያስባሉ። ነገሩ ግን ገበሬ ጎተራውን ሲያጸዳ እንደሚያደርገው ነው። ገበሬው ነቀዝ የገባበትን ማሽላ በእጁ እየለቀመ ከጎተራው ውስጥ ሲያወጣ አይውልም። እህሉን በሙሉ አውጥቶ ከአውድማ ያፈሰዋል፤ ከዚያ ደኅናውን እያበጠረ ወደ ጎተራው ይመልሰዋል፤ የማይረባው በሜዳ ይቀራል። ኩላሊትም እንዲሁ ነው። ጥበቡ ከመጣሉ ይልቅ በመመለሱ ላይ ነው።

የመመለሱ ሥራ በቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ይጀመራል። በዚህ ያሉት ሕዋሳት ወደ ቱቦው ባዶ ቦታ የዞረው ፊታቸው እንደ ጥቅጥቅ ብሩሽ በጥቃቅን ጭራዎች የተሞላ ነው። ፊታቸው በዚህ ምክንያት እጅግ ስለሚሰፋ ብዙ ነገር ሊቀበሉ ይችላሉ። በጤነኛ ሰው ስኳሩ ሙሉ በሙሉ፣ ከውሃውና ከጨውም ከሦስት ሁለቱ እጅ ያህል ከዚህ ላይ ይመለሳል። የቀረው ፈሳሽ ሄንለ ወዳገኘው እጥፋት ይወርዳል። የእጥፋቱ ተግባር በዙሪያው ያለውን የሜዱላ ሥጋ ጨዋማ ማድረግ ነው። ይህ ጨውነት ለምን እንደሚያስፈልግ ግን የሚታወቀው ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከመሰብሰቢያው ቱቦ ሲደረስ ነው።

የመንገደኛችን ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው። መሰብሰቢያው ቱቦ በጨዋማው ሜዱላ መካከል አቋርጦ ያልፋል። ጨው ውሃን ወደ ራሱ እንደሚስብ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን የቱቦው ግድግዳ ዝግ ከሆነ ውሃው ሊሳብ አይችልም። በሩን የሚከፍተው በአንጎል ተዘጋጅቶ በደም በኩል የሚላክ ፀረ ሽንት ሆርሞን የተባለ መልእክተኛ ነው። ሰውየው በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሲያልበው ደሙ ይወፍራል፤ አንጎሉ ይህን ያውቅና መልእክተኛውን ይልካል፤ የቱቦው የውሃ በሮች ይከፈታሉ፤ ውሃውም ወደ ደም ይመለሳል። የሚቀረው ሽንት ጥቂትና የጠነከረ ይሆናል። በደጋው ብርድ ላብ ስለማይኖር መልእክተኛው ይቀንሳል፤ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ትርፉ ውሃም ወደ ውጭ ይወጣል። በሁለቱ ቦታዎች የተለያየ ሽንት የታየው ኩላሊቱ ስለተለወጠ ሳይሆን፣ የውሃ ሒሳቡን እንደ አገሩ አየር ስላስተካከለ ነው።

ሽንት ከኩላሊት ከወጣ በኋላ አይለወጥም። ዩሬተር በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝሙ ሁለት ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወሰዳል። የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የቱቦው ጡንቻ ከላይ ወደ ታች እየተኮማተረ ይገፋዋል። የፊኛ ውስጠኛ ሽፋንም የሚያስደንቅ ነው። ፊኛ ባዶ ሲሆን ሕዋሳቱ ወፍረውና ተደራርበው ይታያሉ፤ ሲሞላ ደግሞ ይሳሱና ይለጠጣሉ፤ ነገር ግን ሽንት አያሳልፉም። ፊኛ ግማሽ ሊትር ያህል ሊይዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሽንቱ በመጨረሻው ቱቦ ከሰውነት ይወጣል። ይህ ቱቦ በወንዶች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በሴቶች ግን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሴቶች ዘንድ የሽንት ቧንቧ ቁስለት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ተሕዋስያን የሚጓዙበት መንገድ አጭር መሆኑ ነው።

ኩላሊት ውሃ ቆጣቢ ቢሆንም ቁጠባው ወሰን አለው። ሽንትን ከደም አራት እጥፍ ያህል ሊያጠነክረው ይችላል፤ ከዚያ ማለፍ አይችልም። ማሽላ ሲያጭድ ወይም ሽንኩርት ውሃ ሲያጠጣ የዋለ ሰው ያላበውን ካልተካ፣ በጠነከረው ሽንት ውስጥ ጨዎች ይዘቅጡና ቀስ በቀስ ጠጠር ይሆናሉ። ይህ ጠጠር ወደ ዩሬተር ወርዶ ሲሰነቀር የሚያመጣው ሥቃይ ጎልማሳውን መሬት ላይ የሚያንከባልል ነው። ስለዚህ የቆላ ገበሬ ቅሉን ወይም ጀሪካኑን ውሃ ሞልቶ ወደ ማሳ መውረዱ ብልህነት ነው። የሽንት መልክ የጠራ ቢጫ እስኪሆን ድረስ መጠጣት ቀላል መለኪያ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ከውሃ እጦት ሳይሆን ከውሃው ራሱ ነው። ሮቢና ጀውሃ የመሳሰሉት የይፋት ወንዞች የሚፈሱት ወደ አዋሽ ነው። በመካከለኛው አዋሽ ረግረጋማ ሥፍራዎች የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት ታውቋል፤ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢም ተገኝቷል። የበሽታው ትሎች በፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራሉ። እንቁላሎቻቸው በአንድ ጫፋቸው እሾህ ስላላቸው የፊኛውን ግድግዳ ቀደው ወደ ሽንት ይገባሉ፤ በዚህም ምክንያት በሽንት መጨረሻ ላይ ደም ይታያል። እንደዚህ ያለ ሽንት ከውሃ ውስጥ ሲገባ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ፍጡር በቀንድ አውጣ ሰውነት ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለከብት ግጦሽም ሆነ ለቀን ሥራ ወደ አዋሽ ዳር የሚወርድ ወጣት ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ከእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ጋር በተደረገው ትግል የአገራችን ሰው ስም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከሥፍራው በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል።

በሽንቱ ደም ያየ ልጅ ብዙ ጊዜ ያፍራል፤ ለእናቱም ለአባቱም ሳይናገር ይቀራል። አንዳንዱም ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል በሚባል ኪኒን ይድናል። ምርመራውም ቀላል ነው፤ እንቁላሉ በሽንት ውስጥ የሚበዛው ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት የተሰጠ ሽንት በማይክሮስኮፕ ይታያል። በጊዜው ያልታከመ ግን ፊኛውን አልፎ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ቶሎ አይጮኽም። ኔፍሮኖቹ ብዙ ስለሆኑ፣ ግማሾቹ ቢጠፉ እንኳ የቀሩት የጎደለውን ሥራ ይሸፍናሉ፤ ሰውየውም ጤነኛ ነኝ ብሎ ይኖራል። ኩላሊቶቹ ፈጽመው ሲደክሙ ግን ደሙ በመኪና መታጠብ አለበት፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. ተከናውኗል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በመኪናም ሆነ በንቅለ ተከላ የሚደከምለት ነገር፣ ኩላሊት ሌሊትና ቀን በዝምታ የሚሠራው ሥራ መሆኑን አንርሳ። ከእኛ የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ ውሃ እንዳናጓድልበትና ምልክት ሲሰጠን እንዳንደብቅ ነው።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ካጠናችሁ በኋላ እያንዳንዱን በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አግቡ።

1. ሐሩር — ብርቱ ሙቀት
2. ጉንጉን — እርስ በርሱ የተጠላለፈ ወይም የተጠመጠመ ነገር
3. ዝቃጭ — ፈሳሽ ሲረጋ ከታች የሚቀር፤ በምንባቡ ግን የማያስፈልግ ትራፊ
4. ማበጠር — እህልን ከገለባና ከእንክርዳድ መለየት
5. ተሰነቀረ — በጠባብ ቦታ ገብቶ መውጫ አጣ

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. መንገደኛው በደጋና በቆላ ያስተዋለው ልዩነት ምንድን ነው? ምክንያቱን በሦስት ዐረፍተ ነገር ግለጹ።
2. ጸሐፊው ኩላሊትን ከጎተራ ጋር ያነጻጸረው የትኛውን አሳብ ለማስረዳት ነው?
3. የእጥፋቱ ጨውነት ለመሰብሰቢያው ቱቦ ምን ይጠቅመዋል?
4. ደም በሽንት ውስጥ መታየቱ ምን ያመለክታል? ሁለቱን ምክንያቶች ጥቀሱ።
5. «የተጎዳ ኩላሊት ቶሎ አይጮኽም» የሚለውን አባባል አብራሩ።

ሠ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግስ

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ኩላሊት ደምን ያጣራል።
ደም በኩላሊት ይጣራል።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ «ኩላሊት» ነው፤ ሥራውን የሚሠራው እርሱ ስለሆነ ግሱ አድራጊ ይባላል። «ደምን» የሚለው ተሳቢ ነው፤ ምልክቱም «ን» ነው። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ግን «ደም» ባለቤት ሆኗል፤ ሥራው የሚፈጸመው በእርሱ ላይ ስለሆነ ግሱ ተደራጊ ይባላል። በዚህ ጊዜ ሦስት ለውጦች መደረጋቸውን ልብ በሉ። «ን» ጠፍታለች፤ አድራጊው «በ» የሚለውን መስተዋድድ ይዟል፤ ግሱም ቅርጹን ለውጧል። ተደራጊ ግስ በኀላፊ ጊዜ «ተ»ን ያስቀድማል፦ መለሰ፣ ተመለሰ፤ ገፋ፣ ተገፋ፤ ወሰደ፣ ተወሰደ።

መልመጃ። የሚከተሉትን ወደ ተደራጊ ለውጡ።

1. ሆርሞኑ የቱቦውን በር ይከፍታል።
2. ጡንቻው ሽንቱን ወደ ፊኛ ይገፋል።
3. ዶክተር አክሊሉ የእንዶድን ኀይል አረጋገጡ።
4. ሐኪሙ እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ አየ።

ረ. ድርሰት

አንድ ተማሪ የሚከተለውን አንቀጽ ጽፏል።

«ልብ ደምን ይልካል። ወንፊቱ ውሃን ያሳልፋል። ሕዋሳት ብዙውን ውሃ ይመልሳሉ። ዩሬተር የቀረውን ያወርዳል። ፊኛ ይይዘዋል።»

እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው ትክክል ነው። ነገር ግን ባለቤቱ በየዐረፍተ ነገሩ ስለተለዋወጠ አንባቢው የሚከተለውን ያጣል። አሁን ይህን ተመልከቱ።

«ውሃ ከደም ጋር ወደ ኩላሊት ይላካል። በወንፊቱ ተጣርቶ ወደ ቱቦው ይገባል። ከዚያ አብዛኛው ወደ ደም ይመለሳል፤ ጥቂቱ ብቻ በዩሬተር ወርዶ በፊኛ ይጠራቀማል።»

በሁለተኛው አንቀጽ ባለቤቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ውሃው ነው። ይህ የተቻለው በተደራጊ ግሶች አማካይነት ነው። እንግዲህ የአንድን ነገር ጉዞ ስትገልጹ አስቀድማችሁ «የምከተለው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ከመረጣችሁ በኋላ ባለቤት አድርጉት፤ ያለ በቂ ምክንያትም አትለውጡት። አድራጊውን ማጉላት በሚያስፈልግበት ቦታ ግን፣ ለምሳሌ የተመራማሪን ሥራ ስትገልጹ፣ አድራጊ ግስ ይሻላል።

የቤት ሥራ። ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።

1. ከወንዝ የተጠለፈ የመስኖ ውሃ ሽንኩርት ማሳ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍበት መንገድ።
2. ማሽላ ከማሳ ተነሥቶ እንጀራ እስኪሆን ድረስ።
3. በሽንቱ ደም አይቶ ለዝምታ ለተቃረበ ታናሽ ወንድም የሚጻፍ ማብራሪያ። በዚህ ርእስ የምትጽፉ፣ ልጁን ሳታስፈራሩና ሳታሳፍሩ፣ በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ግለጹለት፤ ምን ማድረግ እንዳለበትም በመጨረሻው አንቀጽ ንገሩት።